የጋሼ ቋጠሮ

የላቦራቶሪዋ ሴትዮ አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶውን ይቀራል። ሰው ቆሞ ይሄዳል እንጂ እሷ አጠገብ አይቀመጥም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ጠረኗ ነው። ዕድሜዋን ከድንጋይ ከሰል ከሚወጣ ዘይት ጋር የጨረሰች ሰው ብትታጠብ፣ ልብስ ብትቀይር፣ ሽቶ ብትቀባ ያው ናት፤ ሬንጅና የሆስፒታል ኮሪደር አንድ ላይ ትሸታለች። በወጣትነቷ ታፍርበት ነበር። አሁን ቦርሳዋን ባዶው ወንበር ላይ ታኖርና እግሯን ትዘረጋለች። ለደከመው ሰው እፍረትም ቅንጦት ነው።

በስሟ የሚጠራት የለም። ከጠርሙስ ወደ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆ ወደ ቀጭኗ መርፌ ሁሉን ነገር በጠብታ ስለምትለካ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «እትዬ ጠብታ» ይላታል። ሻይዋ ላይ ስኳር ስትጨምር እንኳ ማንኪያውን ከዓይኗ ትይዩ አንስታ ታያለች እያሉ ይቀልዱባታል። ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል።

ፋብሪካው ከድንጋይ ነዳጅ የሚያወጣ ፋብሪካ ነው። ድንጋይ ጥደው ነዳጅ ይጨልፋሉ ቢባል ማን ያምናል? ይጨልፋሉ ግን። የድንጋይ ከሰሉ በትልልቅ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ ሳይሆን ታፍኖ ይግላል፤ ከውስጡ ጥቁር ዘይት ይወጣል፤ ከጥቁሩ ዘይት ደግሞ ቀለል ያለው ይለያል። ያ ቀላል ዘይት ነዳጅ ለመሆን አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል፤ ፌኖል የሚባለው ነገር ሊወጣለት ይገባል። ፌኖሉ ያልወጣለት ነዳጅ ዕለቱን ሲያዩት ምንም አይመስልም። እያደር ነው የሚጠቁረው፤ እያደር ሙጫ ይሠራና ያመነውን ሞተር ያንቀዋል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ ዘይቱ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። ሶዳው ፌኖሉን ይዞ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ከታንኩ ሥር ይዘቅጣል፤ ዘይቱ ከላይ ይቆማል። ታንኩ ሥር ያለው ቫልቭ ይከፈትና ቡናማው ይፈሳል። ከቫልቩ በላይ የመዳፍ ስፋት ያላት የመመልከቻ መስታወት አለች። በሷ በኩል ቡናማው አልቆ ነጣ ያለው ዘይት ሲመጣ፣ መስመሩ ሲታይ፣ ቫልቩ ይዘጋል። ቀድሞ የዘጋ ሶዳውን ዘይት ውስጥ ይተዋል። ዘግይቶ የዘጋ ዘይቱን ወደ ፍሳሽ ይሰዳል። ይሄን ሁሉ ብረትና ምድጃ ተሸክሞ የቆመው ፋብሪካ እዚህች ጋ ሲደርስ በአንድ ሰው ዓይን ላይ ይንጠለጠላል።

ከነዚያ ባለ ዓይኖች አንዱ የጠብታ ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ ነው የምትለው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያልፉ እሱ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር፤ ደብተሩን ዘግቶ ፋብሪካ ገባና እሷን አስተማረ። ኬሚስትሪ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ገዛላት። ተመርቃ እሱ ያለበት ፋብሪካ ስትቀጠር ደግሞ፣ «በይ እንግዲህ፣ እኔ አጥባለሁ፣ አንቺ መጥራቱን ታያለሽ፤ የቤት ሥራችን ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜያቸው በዚህ አለቀ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ግን ማን ምን እንዳጠበ አይታወቅም፤ እንዲታወቅም አይፈለግም። ናሙናው ከየፈረቃው በጠርሙስ ይመጣል። ጠርሙሱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ዳኛው ዘመዱን እንዳይለይ የተሠራ ደንብ ነው። ክዳኑ እንዳይፈታ አንገቱ በሲባጎ ይታሰራል፤ መርማሪው ሲባጎውን በመቀስ በጥሶ ይከፍታል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሁሉን አስበው አንድ ነገር ረስተዋል። ሰው ሲያስር እንደ እጁ ጽሕፈት የራሱ አስተሳሰር አለው።

የጠብታና የጋሼ አባት ወፍጮ ቤት ጆንያ አሳሪ ነበር። ሁለቴ ዞሮ ጫፉ ተመልሶ በራሱ ሥር የሚገባ ቋጠሮ ነበረው፤ ቢጎትቱት ይጠብቃል፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ግን ልክ እንደተለመነ ሰው እሺ ብሎ ይፈታል። ያንን ቋጠሮ በዚህ ፋብሪካ ከጋሼ በቀር የሚያውቀው የለም። ጠብታ የገባች ሰሞን የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስታነሳ አወቀችው፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። አላዳላችም። ቁጥሩን አንዴም አላቃለለችለትም። ግን መቀስ አላነሳችበትም፤ የሱን በጣቷ ትፈታዋለች። ጠዋት ጠዋት ያቺን ቋጠሮ ስታይ እንደምን አደርሽ የተባለች ያህል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የዚያ ቋጠሮ ጠርሙስ ፌኖሉ ከልኩ አለፈ። ይደርሳል። ከሳምንት በኋላ ደገመ። ከዚያ ሠለሰና ጠብታ እንቅልፍ አጣች። ናሙናውን የሚመረምረው ማሽን በወረቀት ላይ ተራራ ነው የሚስለው፤ ለያንዳንዱ ነገር የራሱ ተራራ አለው፣ ብዙ ሲሆን ተራራው ይረዝማል። የፌኖሉ ተራሮች በጋሼ ጠርሙስ ላይ ተደርድረው ቆሙ። መርፌዋን ቀየረች፣ ብርጭቆዋን ደግማ አጠበች፣ ሥራውን ከሀ ጀመረች። ተራሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ቁጥሩ በመዝገብ ከስም ጋር ተመሳክሮ ናሙናው ደጋግሞ የወደቀበት ሰው ወደ ከሰል ግቢው እንደሚወርድ ታውቃለች። ከሰል ግቢው ደግሞ ሌላ ሳይሆን አቧራ ነው፤ ጋሼ ክረምት ከበጋ የሚያስለው ሰው ነው።

ኃላፊው ከሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ትሑት፣ ግን ቁጥር ሲያይ የሚቸኩል ሰው ነበር። ወረቀቶቹን አገላብጦ፣ «ሶዳው ደክሟል ማለት ነው እትዬ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ጠንከር እናደርገዋለን፣ ሙቀቱንም እንጨምራለን» አላት። ሶዳው ደክሟል። ጠብታ በሆዷ፣ ደግሞ እሱም ደከመ እንዴ አለች። በዚህ ፋብሪካ ያልደከመው የጭስ ማውጫው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን የገለጠው ድካሟ ነው። ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ ትእዛዝ አለ፤ «ሳትነቀንቅ አትቅዳ» ይላል። ጠርሙስ ቆሞ ሲያድር የከበደው ከታች፣ የቀለለው ከላይ ስለሚሆን፣ ከመቅዳት በፊት በደንብ መነቅነቅ ግዴታ ነው። አዲስ ገቢ እንኳ የማይስተው ነገር ነው። ያን ጠዋት ጠብታ ሳትተኛ ያደረች፣ ወገቧ የተቆረጠ፣ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁራት ሴት ነበረች። ትናንት የመጣውን የጋሼን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሳች፣ ቋጠሮውን ገፋ አድርጋ ፈታች፣ ከላይ ቀድታ ለማሽኑ ሰጠችው። ማሽኑ ሜዳ ሣለ። ፌኖል የለም ማለት ይቻላል።

ለአፍታ ደስ አላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተመስገን» ማለቷን ራሷ ሰማች። ወዲያው ቀዩን ጽሑፍ አየችና ደስታው ከእግሯ ሥር ሸሸ። አልነቀነቀችውም። ነቀነቀችና ደግማ ቀዳች። ተራሮቹ እንደ ልማዳቸው ተነሡ።

እንግዲህ ከላይ ንጹሕ ከሆነ፣ ከታች ያለው ምንድን ነው? በማግስቱ በዚያው ቋጠሮ የታሰረ ሌላ ጠርሙስ ሲመጣ ሆን ብላ ሳትነካው አሳደረችው። ጠዋት ወደ መስኮቱ አንስታ ስታየው ከሥሩ ቡናማ ነገር፣ ከጥፍር ውፍረት የማይበልጥ፣ ተኝቷል። በቀጭን ቱቦ ስባ አወጣችው። ሶዳ የሚለየውን ቀይ የመፈተሻ ወረቀት ስትነክርበት ሰማያዊ ሆነ፤ ሶዳ ነው። አሲድ ጠብ ስታደርግበት ደፈረሰ፣ የዘይት እንክብሎች ብቅ ብቅ አሉ፣ ያ የምታውቀው የፌኖል ጠረን አፍንጫዋን መታው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሄኛው እውነት ጠርሙስ ውስጥ አድሮ ጠራ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዘይቱ በደንብ ታጥቧል። ሶዳው አልደከመም፣ ፌኖሉን ጥርግ አድርጎ ይዞታል። የተበላሸው የመጨረሻዋ ነገር ብቻ ናት፤ ቫልቩ ቡናማው ፈስሶ ሳያልቅ ተዘግቷል። አንዴ ቢሆን መቻኮል ነው ይባላል። ጋሼ ግን ሁልጊዜ ነው የሚዘጋው ቀድሞ። ዘይት ወደ ፍሳሽ ከሄደ ወዲያው ይጮኽበታል፤ የቀረ ሶዳን ግን ማንም አያየውም። መስመሩን የማያይ ሰው ደግሞ ከጩኸቱ ለመሸሽ ቀድሞ ይዘጋል። የሌሎቹን ፈረቃዎች ጠርሙሶች ሁሉ አሳድራ አየች። ከሥራቸው የዘቀጠ ነገር የለም። የሱ ቋጠሮ ግን እንደ ድሮው ጥብቅ፣ እንደ ድሮው የተዋበ ነበር። እጁ ምንም አልሆነም። የጋሼ ዓይን ነው።

አንዴ ካወቁት በኋላ ስንት ነገር ይመጣል። ጋዜጣ ማንበብ ያቆመው «መነጽሬ ጠፍቶ» ነው ማለቱ ትዝ አላት፤ ጋሼ መነጽር ኖሮት አያውቅም። መንገድ ላይ ሰላም ሳይላት ማለፉ ትዝ አላት፤ ያኔ አኩርፏታል ብላ ሌሊቱን ምን በደልኩት ስትል አድራ ነበር። የራሷን ሞኝነት ታዘበች፤ ለዘይት ጠብታ የምትጠነቀቀውን ያህል ለወንድሟ ዓይን ብትጠነቀቅ ኖሮ ድሮ ባወቀች።

ማታ ከሥራ ወደ ጋሼና ሚስቱ ቤት ሄደች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አምፖሉ በትልቅ ተቀይሯል፣ ብርሃኑ እንደ ገበያ አዳራሽ ዓይን ይወጋል። ጋሼ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ ፊቱን ወደ እርምጃዋ ድምፅ አዞረ።

«መጣች ትንሿ! ገና ከበሩ ሳትደርስ በጠረንሽ አወቅኩሽ» አለ እየሳቀ።

«ሌላው ሰው ይሸሸዋል፣ አንተ ትቀልድበታለህ» አለችው።

ሚስቱ ውሃ ቀዳችለትና ብርጭቆውን ጣቱ እስኪነካ ድረስ ገፋ አደረገችለት። ቀላል፣ የለመደ እጅ ነበር። ይሄ የዛሬ ሳይሆን የቆየ ነገር እንደሆነ ጠብታ ገባት። ሳህን ለማንሳት ተከትላት ወደ ማድቤት ገባች።

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሴትዮዋ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ድምፃቸውን እንዲሸፍን ይመስላል። «ከዳር ከዳር ነው የጀመረው። አሁን መሐሉም ጭጋግ ሆነበት ይላል» አለች። «ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው ይቆጣል። ጡረታው ደርሷል የኔ እህት፣ ትንሽ ነው የቀረው። አንቺ ካልተናገርሽ ማን ያውቃል? ዝም አይነቅዝም።»

«ሶዳውን ሊያጠነክሩት ነው እትዬ። ደግሞ ያሞቁታል። ከፊቱ ቆሞ ነው የሚከፍተው። ጠብ ቢልበት የቀረችውንም ዓይን ይበላታል።»

ሴትዮዋ ሳህኑን ታጥቦ ካለቀ በኋላም ታጥበው ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጠብታ ጋዋኗን እንደለበሰች የማጠቢያውን የብረት ደረጃ ወጣች። ጋሼ ታንኩ ሥር ነበር። ፊቱን ወደ መስታወቷ ሳይሆን ወደ ቧንቧው አዘንብሎ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ እጁን ቫልቩ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሶዳው ሲፈስ ይሰማል። ድምፁ ገና ሳይለወጥ ዘጋው።

«ገና ነበር ጋሼ» አለችው።

ደነገጠ፣ ግን ወደሷ አልዞረም። «ምኑ?»

«ቡናማው። ገና እየፈሰሰ ነው የዘጋኸው። መስታወቱ ላይ ይታያል።»

ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው።

«የማጥበው እኔ፣ የማየው እኔ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ቁጥርሽን ጻፊ።»

«ቁጥሩ ዓይንህን እየተናገረ ነው እኮ። ዘይቱ ንጹሕ ነው ጋሼ፣ እንዳንተ የሚያጥብ የለም። መስመሩን ነው ያጣኸው።»

«ታዲያ የኔ ጠርሙስ መሆኑን በምን አወቅሽ? ደንብ አይደለም እንዴ?»

«በአባባ ቋጠሮ።»

«እኔም እንድታውቂው ነበር የማስረው» አለ። ድምፁ አንዴ ለስልሶ ወዲያው ሻከረ። «አለሁ ለማለት ነበር እንጂ፣ ተከታትለሽ እንድትይዢኝ መች አሰብኩ። አሁን ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። በስተርጅና አካፋ ያስጨብጡኛል፤ እየሳልኩ ከሰል ሳራግፍ በመስኮትሽ ታዪኛለሽ።»

«ሐኪም ዘንድ...»

«ውረጂ በቃ። ደረጃውን ተጠንቀቂ» አላት። ተቆጥቶም ደረጃውን ተጠንቀቂ ማለቱ ነው አንጀቷን የበላው። በብረቱ ደረጃ እያለቀሰች ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነገረችው። ሶዳው ደህና እንደሆነ፣ ማጠንከሩ ከንቱም አደገኛም እንደሆነ፣ የደከመው በመስታወቷ የሚያይ ዓይን እንደሆነ፣ ዓይኑም የወንድሟ እንደሆነ። ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጠርሙሱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም እትዬ። እንዴት አወቁ?»

«ቋጠሮውን አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች። በዚህ ቃሏ እስከ ዛሬ የሠራችው ሁሉ ሊጠረጠር እንደሚችል ታውቃለች። ለመጨነቅ እንኳ ጉልበት አልነበራትም። «ያዳላሁ ከመሰለዎት የተቀመጡት ናሙናዎች አሉ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ይመርምራቸው።»

አስመረመረ። ቁጥሮቿ አንድም አልተዛነፉም። ሶዳው ሳይጠነክር ቀረ። ጋሼ ሐኪም ዘንድ ተላከ፤ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ጅማት እየሞተ ነው፣ ያለውን ማቆየት እንጂ የሄደውን መመለስ አይቻልም አሉት። ከሰል ግቢም አልወረደ። ኃላፊው የቋጠሮውን ነገር ሲያሰላስል ሰንብቶ አዲስ ሥርዓት አወጣ፤ ከሁሉም ፈረቃ የሚመጣው ጠርሙስ መጀመሪያ ወደ ታችኛው ክፍል ይገባል፣ እዚያ የነበረው ሲባጎ ይወልቃል፣ በአንድ ሰው እጅ እንደገና ይታሰራል። ለዚያ ሥራ ዓይን አያስፈልግም። ጋሼን አስቀመጡት።

ጋሼ ሥራውን ተቀበለ፣ እሷን ግን አልተቀበላትም። እቤቱ ስትሄድ ተኝቷል ትባላለች። ኮሪደር ላይ ስታልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ሌላው ሰው የሚሸሸው ጠረኗ ለሱ መምጣቷን ማወቂያ ነበርና ገና ከሩቅ ነው የሚዞረው። ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ «ይበርድለታል» ትላታለች፤ ራሷም ያመነችበት አይመስልም። የሚታሰሩት ጠርሙሶች ደግሞ በተራ ቋጠሮ፣ ማንም በሚያስርበት አስተሳሰር ታስረው ይመጡ ጀመር። ጠብታ በመቀስ ትበጥሳቸዋለች። ቀች፣ ቀች፣ ቀች። እንዲህ ያለ ድካም አይታ አታውቅም። ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። እውነቱን መናገሯ አልጸጸታትም፤ ግን እውነት ያቀልላል የሚሉት ሰዎች ተሸክመውት የሚያውቁ አልመሰላትም።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። የጭስ ማውጫው አልደከመም። ማሽኑ ተራራና ሜዳውን ሣለ፤ በጋሼ ቦታ የቆመው ሰው መስመሩን በደንብ ያያል፣ ሥራው ንጹሕ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ዝናብ ያባራ ሰሞን፣ የጠርሙሶቹ ሣጥን እንደ ወትሮው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። ሳታይ መቀሷን አነሳች፣ ሳታይ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አንገት ያዘች። ጣቷ ቆመ።

ሁለቴ ዞሮ፣ ጫፉ ተመልሶ በራሱ ሥር ገብቷል።

ሁለተኛውን አነሳች። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውም፣ ከሥሩ ያሉትም፣ ሣጥን ሙሉው። የማን ፈረቃ፣ የማን እጅ፣ የማን ዓይን እንደሆነ ከእንግዲህ ልታውቅ አትችልም፤ ሁሉም በአባባ ቋጠሮ ታስሯል።

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ጫፉን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው፤ ሲባጎው እሺ ብሎ ተፈታ። ቀጥሎ ሌላውን። ዓይኗ በእንባ ስለተሞላ ታጥፎ የገባውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሳ ነበር የምታገኘው፣ እሱ እንዳሰረው።

ኃላፊው በበሩ ብቅ አለ። «ዛሬ ዘገዩ እትዬ። መቀስ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም» አለች ቀና ሳትል። «ደክሞኝ ነው።»